ዛፉን ማን ተከለው? የኮልፌንና የሰበታን ዕፅዋት በባቡር ሲሙሌተር ላይ መትከል

ሐዲዱ ተዘርግቶ፣ ጣቢያው ቆሞ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ተወጥሮ ሲያበቃ መስመርዎ አሁንም የየትኛውም አገር ሊሆን ይችላል። «ይህማ ሰበታ ነው» የሚያሰኘው ዛፉ ነው። ከሲሙሌተሮች ጋር ተዘጋጅተው የሚመጡት ዛፎች ደግሞ አብዛኞቹ የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ናቸው። ኦክና ስፕሩስ በፉሪ ተራራ ሥር በትነው ባቡሩን ቢያስነሡ፣ አየር ጤና ያደገ ሰው ገና በመጀመሪያው ደቂቃ እንግዳ አገር መግባቱን ያውቃል።

ይህ መመሪያ በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማና በዙሪያው ተቀምጠው መስመር ለሚሠሩ ነው። ሁለት ሐዲዶች ቅርብዎ ናቸው። አንዱ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ ከአያት ተነሥቶ ጦር ኃይሎች ላይ የሚያበቃው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስመር ነው። ሌላው ከሰበታ ተነሥቶ በለቡ፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በአዳማ አድርጎ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው በኤሌክትሪክ የሚሠራ መስመር ነው። ከአየር ጤና የጅማን መንገድ ይዞ በዓለም ገና በኩል የሄደ ሰው የዚህን መስመር መነሻ ሰበታ ላይ ያገኘዋል። እዚህ የምጠቅሰው ፕሮግራም በነጻ የሚገኘው ኦፕን ሬይልስ ነው፤ መስመር መሥሪያው ቲኤስአርኢ5 ይባላል። ትሬንዝ ወይም ትሬን ሲሙሌተር ክላሲክ የሚጠቀሙ ከሆነ የማውጫዎቹ ስም ይለያያል እንጂ ሥራው ያው ነው።

አስቀድሜ የማምንበትን ልናገር። በአዲስ አበባ ዙሪያ ከሐዲድ ላይ የሚታየው ዛፍ አብዛኛው በራሱ የበቀለ አይደለም። ባሕር ዛፉን ገበሬው ለአጣና ተክሎታል። ጥድና ወይራውን ቤተ ክርስቲያን ጠብቃ አቆይታዋለች። ቁልቋሉና ቆርቹ አጥር ነው፤ እንሰቱ ከጓሮ ነው። ስለዚህ አንድ ዛፍ ከማስቀመጥዎ በፊት «ማን ተከለው? ለምን?» ብለው ይጠይቁ። መልስ ካጡ ዛፉን አያስቀምጡት። ዛፍ በዘፈቀደ የሚበትነው መሣሪያ የተሠራው ዱር ላለው አገር ነው፤ የእኛ አገር ዛፍ ግን ድንበር፣ ረድፍና ባለቤት አለው።

ዓመቱንና ወሩን ይወስኑ

አሮጌው የምድር ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ባሕር ዛፍ ደግሞ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ወደ አገር ገባ። ስለዚህ የዚያን ጊዜ ለገሃርን የሚሠራ ሰው ባሕር ዛፉ ቢበዛ ሃያ ዓመት ገደማ የሞላው መሆኑን ማሰብ አለበት። የ2008ቱን ቀላል ባቡር የሚሠራ ሰው ግራቪሊያና ጃካራንዳ ያስፈልጉታል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ያለውን የሚሠራ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ በብዙ ጎዳናዎች ላይ ያመጣውን ሣር፣ አበባና ዘንባባ ማስገባት ይኖርበታል። ሦስቱን ዘመን የሚያደባልቅ መስመር የማንም ዘመን አይሆንም።

ወሩም እንዲሁ። ነሐሴ አረንጓዴ ነው፤ ጥር ቢጫና ቡናማ ነው። ይህ ውሳኔ የሜዳውንም የዛፉንም ቀለም ስለሚወስን በማስታወሻ ደብተርዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፉት።

ወጥተው ይዩ

በመጀመሪያ በጉግል ኧርዝ ላይ ሐዲዱን ይከተሉ፤ የቆዩ ምስሎችን የሚያሳየውን ማውጫ ከፍተው የመረጡትን ዓመት ይፈልጉ። ከላይ ሲታይ የባሕር ዛፍ ማሳ ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ጥቅጥቅ ያለና ጠቆር ያለ ቁራጭ ነው። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ክብ ወይም ሞላላ ሆኖ መካከሉ ላይ ጣሪያ ይታያል። በወንዝ ዳር ያለው ዛፍ ቀጭንና ጠመዝማዛ መስመር ይሠራል። እነዚህን ሦስቱን መለየት ከቻሉ የሥራው ግማሽ አልቋል።

ቀጥሎ በእግር ይውጡ። ከኮልፌ ወደ ምዕራብ ሲመለከቱ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚቆመው የወጨጫ ተራራ አድማሱን ዘግቶት ይታያል፤ የመናገሻ ሱባ የጥድ ደን የሚገኘውም በዚሁ ተራራ ላይ ነው። ወደ ደቡብ ፉሪ አለ። እነዚህ ተራሮች በሲሙሌተሩ ውስጥ ሩቅ ሆነው ስለሚታዩ ቀለማቸውን ብቻ ይመዝግቡ። ዝርዝር የሚያስፈልገው ከሐዲዱ ሁለት መቶ ሜትር ባልራቀው መሬት ላይ ነው።

ፎቶ ሲያነሡ ከሕዝብ መንገድ ላይ ይሁኑ። የሐዲዱን አጥር አይለፉ፤ ሐዲዱ ላይ አይውጡ። በጦር ኃይሎች አካባቢ፣ እንዲሁም በጣቢያና በኃይል ማከፋፈያ አጠገብ ካሜራ ከማውጣትዎ በፊት ጥበቃውን ይጠይቁ፤ ካልተፈቀደ ይተዉት። የሚፈልጉት ዛፉን ነው፤ ያው ዓይነት ዛፍ ሌላ ሰፈርም ይገኛል። በቤተ ክርስቲያን ቅጥርም እንዲሁ አስቀድመው አባቶችን ያስፈቅዱ።

ለቴክስቸር የሚሆን ፎቶ ፀሐይ በጠራችበት ቀን አይነሣም። የክረምት ደመና ያለበት ጠዋት ይሻላል፤ ብርሃኑ ለስላሳ ስለሚሆን ጥላው ቅጠሉ ላይ ታትሞ አይቀርም። ከዛፉ ራቅ ብለው፣ ዙም አድርገው፣ ከኋላው ሰማይ ብቻ እንዲኖር ያንሡት። ቀርበው ካነሡት ሥሩ ሰፍቶ ጫፉ ይጠባል፤ ሲሙሌተሩ ውስጥም ወደ ኋላው የሚወድቅ ይመስላል።

አንድ ባሕር ዛፍ አይበቃም

ለዚህ አካባቢ አንድ ዛፍ ብቻ ጊዜ ወስደው የሚሠሩ ከሆነ ባሕር ዛፍ ይሁን። ነገር ግን አንድ ሞዴል አይበቃም፤ ቢያንስ ሦስት ያስፈልግዎታል።

የመጀመሪያው ቁጥቋጦው ነው። ነጭ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ከጉቶው ሲያቆጠቁጥ የሚያወጣው ቅጠል ከትልቁ ዛፍ ቅጠል ጋር አይገናኝም፤ ክብ ቢጤ ነው፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ግንዱን አቅፎ ይወጣል፣ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል አመድማ ሰማያዊ ቀለም አለው። ከአንድ ጉቶ ብዙ ቀንበጥ ይፈነዳል። በሰበታ መንገድ ዳር የተቆረጠ ማሳ ካዩ ከሩቅ የሚለየው በዚህ ሰማያዊነቱ ነው። ይህን ቀለም ያላስገባ መስመር የአዲስ አበባን ዙሪያ አይመስልም ብዬ በሙሉ አፌ እናገራለሁ።

ሁለተኛው ለአጣና የደረሰው ነው፦ ቀጥ ያለ፣ ቀጭን፣ ታች ቅርንጫፍ የሌለው፣ ቅጠሉ ጫፉ ላይ ብቻ የቀረ። ይህ ለብቻው አይቆምም፤ ሁልጊዜ ከመሰሎቹ ጋር ተጠጋግቶ ነው። ሦስተኛው ሳይቆረጥ የቆየው አሮጌ ዛፍ ነው፤ ግንዱ ወፍራም፣ ቅርፊቱ በረጅም ሰቅ እየተላጠ የተንጠለጠለ፣ ከሥሩ ያለው አዲስ ቅርፊት ለስላሳና ነጣ ያለ፣ ቅጠሉም እንደ ማጭድ የታጠፈና ወደ ታች የተንጠለጠለ ነው። እንዲህ ያለው በአሮጌ ግቢዎችና በመንገድ ዳር በተናጠል ይገኛል።

ባቡሩ ወደ ስምጥ ሸለቆው ሲወርድ ዛፉም ይለወጣል። ሰበታ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ አዳማ 1,700 ገደማ፤ አዋሽ ደግሞ 1,000 አካባቢ። ደጋው ላይ የነበረው ነጭ ባሕር ዛፍ ዝቅ ሲሉ ለቀይ ባሕር ዛፍ ቦታውን ይለቃል፤ ከሞጆ ወዲያ ግራሩ ይበዛል፤ ወደ መተሐራና አዋሽ ሲደርሱ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነው ግራርና እሾሃማው ቁጥቋጦ ሜዳውን ይይዘዋል። እስከ አዋሽ የሚሠሩ ከሆነ የዛፍ ዝርዝርዎን በከፍታ ይከፋፍሉት።

ከባሕር ዛፍ ቀጥሎ የሚያስፈልጉዎት የሐበሻ ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ የፈረንጅ ጥድ፣ ግራቪሊያ፣ ጃካራንዳ፣ ባዝራ ግራር፣ ብሳና፣ ቆርች፣ ግራዋ፣ እንሰትና ቁልቋል ናቸው። የሐበሻ ጥድና የፈረንጅ ጥድ አንድ ሞዴል እንዳይሆኑብዎ። የመጀመሪያው ሲያረጅ አናቱ ይከፈታል፣ ግንዱም ይሰነጣጠቃል፤ ሁለተኛው በግቢ አጥር ላይ ተከርክሞ እንደ ግድግዳ ይቆማል።

ሥዕሉን ማዘጋጀት

ፎቶውን በጂምፕ ሲቆርጡ በቅጠሉ ጠርዝ የሰማዩ ነጭነት ይቀራል፤ ሲሙሌተሩ ውስጥ ዛፉ ሁሉ ነጭ ክር የተሰፋበት ይመስላል። መድኃኒቱ ግልጽ በሆነው ክፍል ላይም የቅጠሉን ቀለም መቀባት ነው፤ ከጠርዙ አልፎ ጥቂት ፒክስል ቢሄድ ችግሩ ይጠፋል። የሥዕሉ መጠን 512 በ512 ወይም 1024 በ1024 ይሁን። የቀለሙን ድምቀት ይቀንሱ፤ የስልክ ካሜራ አረንጓዴን ስለሚያጋንን ያልተቀነሰ ባሕር ዛፍ የሙዝ ቅጠል ይመስላል።

ሞዴሉን በብሌንደር ሦስት ደረጃ አድርገው ይሥሩት። እስከ መቶ ሜትር ድረስ ለሚታየው ግንዱ ክብ፣ ቅርንጫፉ የተለየ ይሁን። ከዚያ እስከ አራት መቶ ሜትር ሁለት ሥዕሎች በመስቀል ቅርጽ የተጋጠሙበት ይበቃል። ከዚያ ወዲያ አንድ ጠፍጣፋ ሥዕል።

አተካከል፦ በመጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑ

ዛፍ መትከል ከመጀመርዎ በፊት መሬቱን ይፈትሹ። ብዙዎች የሚጠቀሙበት ኤስአርቲኤም የተባለው የከፍታ መረጃ በራዳር የተወሰደ ነው፤ ራዳሩ ጥቅጥቅ ያለ ደን ሲያገኝ የሚመልሰው የመሬቱን ሳይሆን ወደ ዛፉ አናት የሚጠጋውን ከፍታ ነው። ስለዚህ ትልቅ የባሕር ዛፍ ማሳ ባለበት ቦታ መሬቱ ያለ ምክንያት ጉብ ብሎ ሊያገኙት ይችላሉ። መጀመሪያ ያን ጉብታ ዝቅ ያድርጉ፤ አለበለዚያ ዛፉ በዛፍ ላይ ይተከላል።

ከዚያ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። በመጀመሪያ የቤተ ክርስቲያን ቅጥሮችን ይሙሉ፤ ከቦታቸው የማይነቃነቁ፣ ከሩቅ የሚለዩ ምልክቶች ናቸውና ሌላውን ሁሉ በእነሱ ይለካሉ። ቀራኒዮ መድኃኔ ዓለምን የመሰለ ደብር ያለበትን ሰፈር ሲሠሩ ጥዱን ወደ ቅጥሩ ዳር፣ ወይራውን ጎንበስ ጠመም እንዳለ ከመካከሉ ያስቀምጡ፤ ሁሉም በእጅ፣ አንድ በአንድ። ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ ጊዜ አይፈጅም።

ቀጥሎ የባሕር ዛፍ ማሳዎች። እዚህ ላይ ኦፕን ሬይልስ ደን ብሎ የሚያቀርበውን መሣሪያ መጠቀም ይቻላል፤ አራት ማዕዘን ቦታ ይሰጡታል፣ የዛፉን ሥዕል፣ መጠኑንና ብዛቱን ይነግሩታል፣ እሱ ይበትነዋል። ሁለት ነገር ግን ይወቁ። አንደኛ፣ በዚህ መንገድ የሚተከለው ዛፍ ጠፍጣፋ ሥዕል ሆኖ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ተመልካቹ የሚያዞር ነው፤ ቅርብ ከሆነ ባቡሩ ሲያልፍ አብሮ ሲዞር ይታያል። ከሐዲዱ ከአርባ ሜትር በታች አያስጠጉት። ሁለተኛ፣ መበተን ረድፍ አይሠራም። መፍትሔው ቦታውን እንደ ሰንበር ማጥበብ ነው፤ ሁለት ሜትር ስፋትና ስድሳ ሜትር ርዝመት ያለው ቦታ በብዙ ዛፍ ሲሞላ ረድፍ ሆኖ ይወጣል።

ስለ ብዛቱ ትንሽ ስሌት እንሥራ። በሁለት ሜትር ርቀት የተተከለ አንድ ሄክታር 2,500 ዛፍ ይይዛል። ሁሉንም ቢያስገቡ ኮምፒውተርዎ ይንተፋተፋል። አሽከርካሪው ግን ከጠርዙ ያለፈ ብዙ አያይም። ወደ ሐዲዱ በሚዞረው ጎን ሁለትና ሦስት ረድፍ በሙሉ ብዛት ይትከሉ፤ ከኋላው ያለውን በሩብ ብዛት ይሙሉ፤ ከማሳው ሥር ያለውን መሬት ጠቆር ባለ ቴክስቸር ይቀቡት። ሦስቱ ተደምረው ሙሉ ማሳ ይመስላሉ። ደግሞም ጎን ለጎን ያሉ ማሳዎች ዕድሜያቸው ይለያይ፤ አንዱ ገና የተቆረጠና የሚያቆጠቁጥ፣ አጠገቡ ለማገር የደረሰ፣ ወዲያ ማዶ ለምሰሶ የደረሰ። ባለቤቶቹ የተለያዩ ናቸውና በአንድ ቀን አይቆርጡም።

ሦስተኛ ወንዝ ዳር። ትንሹ አቃቂ የከተማዋን ምዕራብ አቋርጦ ይወርዳል፤ እሱና ገባሮቹ ባሉበት ሸምበቆ፣ ባሕር ዛፍና የጎመን መደብ ይኖራል። ቆሻሻ በሚጣልበት ገደል አፋፍ ላይ ጉሎና አስተናግር ይብቀሉ። እነዚህን ሁለቱን ማንም አይተክላቸውም፤ ከላይ ላነሣሁት ጥያቄ «ማንም» የሚል መልስ ያላቸው እነሱና መሰሎቻቸው ናቸው፤ ቦታቸውም የተረበሸ አፈር ነው።

የሰፈሩን ዛፍ ለመሥራት የቆርቆሮና የብሎኬት አጥሮችን ያስቡ። ከአጥር በላይ ብቅ የሚለው የአቦካዶ፣ የኮክ ወይም የግራቪሊያ አናት ስለሆነ ግንዱን መሥራት አያስፈልግም፤ ይህም ብዙ ቦታ ይቆጥባል። በየግቢው ግን አያስቀምጡ። አዲስ የተሠሩ ሰፈሮች ለብዙ ዓመት ያለ ዛፍ ይቆያሉ፤ አሮጌዎቹ ይጨልማሉ። ይህን ልዩነት ከጠበቁ የሰፈሩ ዕድሜ ከባቡር መስኮት ይነበባል።

በመጨረሻ ሐዲዱ ዳር። የጅቡቲው መስመር 25 ኪሎ ቮልት የሚሸከም ሽቦ ያለው በመሆኑ ከሐዲዱ አጠገብ ረጅም ዛፍ አይኖርም። ኦፕን ሬይልስ ደኑን ከሐዲዱ እንዲያርቅ በመስመሩ ፋይል ውስጥ ርቀቱን መስጠት ይቻላል። በእጅ የተተከለውን ግን የሚያርቅልዎ የለም። ከአጥሩ ውስጥ ሣርና ዝቅተኛ አረም ብቻ ይሁን፤ ከአጥሩ ውጪ ጤፍና ስንዴ የሚዘራበት ጥቁር መሬት ይቀጥላል። ሜዳውን ለመሙላት ብለው ዛፍ አይጨምሩበት። ባዶ ሜዳ የዚህ አካባቢ እውነተኛ መልክ ነው።

በእጅ የተከሉትን እያንዳንዱን ዛፍ ያዙሩት፣ መጠኑንም በአሥር ወይም በአሥራ አምስት በመቶ ከፍ ዝቅ ያድርጉ። ተዳፋት ላይ ከሆነ ሥሩን ከሃያ እስከ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ወደ መሬት ያስገቡት፤ አለበለዚያ በቁልቁለቱ በኩል በአየር ላይ ይንሳፈፋል።

አራቱን ወቅት የእኛ ማድረግ

ኦፕን ሬይልስ ስፕሪንግ፣ ሰመር፣ ኦተምና ዊንተር ብሎ የሚያቀርባቸው የአውሮፓ ወቅቶች ናቸው። ፕሮግራሙ ግን የሚያውቀው የማህደሩን ስም ብቻ ነው፤ ውስጡ የሚገባውን ሥዕል የሚመርጡት እርስዎ ነዎት። በዋናው የቴክስቸር ማህደር የሐምሌንና የነሐሴን ጥልቅ አረንጓዴ ያስቀምጡ። ኦተም በሚባለው ውስጥ መስከረምን፣ ማለትም ሜዳውንና የሐዲዱን ዳር በአደይ አበባ ቢጫ የለበሰውን። ዊንተር በሚባለው ውስጥ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን፤ የደረቀ ሣር፣ የታጨደ ማሳ፣ አቧራ የጠጣ የመንገድ ዳር ቅጠል፣ ቅጠሉን አራግፎ ቀይ አበባ ያወጣ ቆርች። ስፕሪንግ ደግሞ የመጋቢትና የሚያዝያ ይሁን፤ ጃካራንዳው ሐምራዊ የሚሆንበት።

ባሕር ዛፍ፣ ጥድና ወይራ ዓመቱን ሙሉ ቅጠላቸውን ስለማያራግፉ ለአራቱም አንድ ሥዕል ይበቃል፤ ለበጋው ብቻ ጥቂት አቧራ ይጨምሩ። ከሞዴሉ ጋር በሚሄደው የኤስዲ ፋይል ውስጥ አማራጭ ቴክስቸርን የሚመለከተውን ቁጥር ማስተካከል እንዳይረሱ። ለዕፅዋት የተለመደው 252 ነው፤ ዜሮ ከሆነ ወቅቱ ቢቀየርም ዛፉ አይቀየርም። በመስመርዎ መግለጫ ላይም ተጠቃሚው የበረዶ አየር እንዳይመርጥ ይጻፉ።

ጥላም አይዘንጋ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች እኩለ ቀን ላይ ጥላ ከዛፉ ሥር ይሰበሰባል፤ በሰኔ እንዲያውም ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ትሆናለች። ኦፕን ሬይልስ የፀሐይዋን አቅጣጫ ከመስመሩ መገኛ አስልቶ ያወጣል። ስለዚህ በመሬት ቴክስቸር ላይ ረጅም የዛፍ ጥላ ቀብተው ከሆነ ያጥፉት።

በባቡሩ ፍጥነት ይፈትሹ

ከላይ በሚበር ካሜራ እያዩ መስመር አይገመገምም። አሽከርካሪው ክፍል ገብተው ይንዱ። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የመንገደኛ ባቡር በአንድ ሴኮንድ 33 ሜትር ያህል ያልፋል፤ በዚህ ፍጥነት ነጠላ የሣር ዘለላ አይታይም፣ የማሳው ጠርዝና የቀለሙ መለዋወጥ ግን ጎልቶ ይታያል። ወደ ጦር ኃይሎች የሚገባው ቀላል ባቡር ቀስ ስለሚል፣ በየጣቢያውም ስለሚቆም እዚያ ቅርንጫፍ ሳይቀር ይታያል። ስለዚህ በከተማው ውስጥ ጥቂት ዛፍ በጥንቃቄ፣ በሰበታ በኩል ብዙ ዛፍ በቀላል ሞዴል ይሥሩ። የምስል ፍጥነቱ በአንድ ቦታ ከወረደ መጀመሪያ የሚቀነሰው የኋላው ረድፍ ነው፤ የፊተኛውን አይንኩት።

ሥራዎን ለሌሎች ሲለቁ የፋይሉን ስም በላቲን ፊደል ያድርጉት፤ አሮጌ ፕሮግራሞች ፊደላችንን ላያነቡት ይችላሉ። ከጎኑ በሚያስቀምጡት የጽሑፍ ፋይል ግን የዛፉን የአማርኛ ስም፣ ፎቶው የተነሣበትን ሰፈር፣ ወርና ዓመት፣ እንዲሁም ሌላ ሰው ሊጠቀምበት መቻል አለመቻሉን ይጻፉ። የኦፕን ሬይልስ አንድ የካርታ ቁራጭ 2,048 ሜትር በ2,048 ሜትር ነው። እስከ ጅቡቲ ያለውን ሁሉ አይጀምሩ፤ ከሰበታ ጣቢያ የመጀመሪያዋን ቁራጭ ይውሰዱ፣ ሦስቱን የባሕር ዛፍ ሞዴሎች ይሥሩ፣ ጨርሰው ይልቀቁት። የሚቀጥለውን ቁራጭ የሚሠራ ሌላ ሰው ዛፉን ከእርስዎ ያገኛል።